አዲስ ጸሐፊን ውክፔዲያ ላይ ማለማመድ፦ ከመጀመሪያው እርማት እስከ መጀመሪያው መሻር

አንድ ለማጅ ውክፔዲያን ጥሎ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ሕጉ ከብዶት ወይም ቁልፎቹ ግራ አጋብተውት አይደለም። ሁለት ምሽት የደከመበት ጽሑፍ በማያውቀው ሰው እጅ፣ ያለ አንድ ቃል ማብራሪያ ሲሻርበት፣ ማለትም ገጹ ወደ ቀድሞው ዕትም ሲመለስበት ነው። በዚያች ሰዓት አጠገቡ ሰው ካለ ይቆያል፤ ከሌለ የይለፍ ቃሉን እንኳ ይረሳዋል። ስለዚህ አለማማጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚዘጋጀው ለዚያች ሰዓት ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በአማርኛው ውክፔዲያ ለሚያለማምዱ ሰዎች ነው። ጥቂት መጣጥፎች ጽፈው፣ የገጽ ታሪክ ማንበብና ውይይት ገጽ ላይ ሐሳብ መለዋወጥ ለምደው ከሆነ ይበቃል።

ከመቀበልዎ በፊት

በአንድ ጊዜ አንድ ለማጅ ይያዙ፤ ቢበዛ ሁለት። ጊዜውን አስቀድመው ይንገሩት፦ 4 ሳምንት፣ በሳምንት አንድ የ45 ደቂቃ ቀጠሮ፣ በመሀል ለሚመጣ ጥያቄ በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ። መልሱን ባያውቁት እንኳ «አይቼዋለሁ፣ ነገ እመልሳለሁ» ይበሉ። ለጀማሪ ዝምታ ማለት «አጥፍቻለሁ» ማለት ነው።

ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ስለ ምን መጻፍ ይፈልጋል? የሚጽፈው በስልክ ነው በኮምፒውተር? ሊጽፍበት ካሰበው ጉዳይ ጋር ዝምድና ወይም የጥቅም ግንኙነት አለው? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነው፤ ግን ከብዙ ራስ ምታት ያድናል። ስለ ራሱ፣ ስለ አባቱ፣ ስለሚሠራበት ድርጅት ወይም ስለ ማኅበሩ ሊጽፍ የመጣ ሰው በክፋት አይደለም የሚመጣው፤ የሚያውቀውን ሊጽፍ ነው። ያንን ርዕስ ለጊዜው ወደ ጎን እንዲያደርገው በትሕትና ይንገሩት፤ ወደፊት ቢነካው ደግሞ ግንኙነቱን በግልጽ አስታውቆ፣ በውይይት ገጹ ላይ በሐሳብ ብቻ እንዲያቀርበው ያስረዱት። የሚከፈለው ሰው ከሆነ ከፋዩን ማሳወቅ ግዴታ ነው።

አጠራርን በተመለከተ፦ ከአባል ስም ዕድሜም ጾታም አይታወቅም። በውይይት ገጽ ላይ «እርስዎ» ብለው ይጀምሩ፤ «አንተ በለኝ» ወይም «አንቺ በዪኝ» እስኪባሉ ድረስ አይለውጡ። እንግሊዝኛው ውክፔዲያ ላይ ይህ ችግር የለም፤ አማርኛው ላይ ግን በአንድ «አንተ» ምክንያት የተቀየመ ትልቅ ሰው ዳግም አይመለስም።

የመጀመሪያው ቀጠሮ፦ አካውንትና መሞከሪያ ገጽ

የአባል ስም ሲመርጥ አያጣድፉት። እያንዳንዱ እርማት ከስሙ ጋር ለዘለዓለም በገጹ ታሪክ ውስጥ ይቀመጣል፣ ማንም ያየዋል። አከራካሪ ርዕስ ሊነካ የሚችል ወይም በሥራው ምክንያት ስሙ እንዲታወቅ የማይፈልግ ሰው የብዕር ስም ይውሰድ። የድርጅት ስም አይሆንም፤ አንድ አካውንትም ለአንድ ሰው ነው። ኢሜይል ማስገባት ግዴታ አይደለም፤ ሆኖም ካላስገባ የይለፍ ቃሉ ሲጠፋ አካውንቱም አብሮ ይጠፋል። እዚያው እንዳሉ ያስገባ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያደናቅፋል። አንደኛ፣ ቪፒኤን ከፍቶ የገባ ሰው ገና አንድ ፊደል ሳይጽፍ «ታግደዋል» የሚል ማስታወቂያ ያያል። የታገደው እሱ ሳይሆን ቪፒኤኑ የሚጠቀምበት አይፒ አድራሻ ነው፤ ይህን አስቀድመው ካልነገሩት ይደነግጣል። ቪፒኤኑን ያጥፋ፤ ማጥፋት የማይችልበት ሁኔታ ላይ ከሆነ ከአይፒ እገዳ ነፃ እንዲደረግ ማመልከት ይችላል። ሁለተኛ፣ በአንድ አዳራሽ ብዙ ሰው ሰብስበው የሚያሠለጥኑ ከሆነ ከአንድ አይፒ አድራሻ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚከፈቱት አካውንቶች 6 ብቻ ናቸው። ሰባተኛው ሰው ይከለከላል። ተሳታፊዎች ከየቤታቸው ቀድመው እንዲከፍቱ ያድርጉ፤ ወይም ገደቡ ለዚያ ቀን እንዲነሣ ከቀናት በፊት ያመልክቱ።

አካውንቱ ከተከፈተ በኋላ በአባል ገጹ ሥር መሞከሪያ ገጽ ይክፈትና 15 ደቂቃ ይጫወትበት። የሚለማመደው አምስት ነገር ብቻ ነው፦ ቃልን በሁለት ማዕዘን ቅንፍ [[ ]] አጥሮ ማያያዣ ማድረግ፣ በ== == ንዑስ ርዕስ ማውጣት፣ ማጣቀሻ ማስገባት፣ ከማስቀመጡ በፊት ቅድመ ዕይታ ማየት፣ የእርማቱን ማጠቃለያ መጻፍ። የውይይት ገጽ ላይ በመልስ ቁልፉ ከጻፈ ፊርማው በራሱ ይገባል፤ በምንጭ ኮዱ ከጻፈ ግን መጨረሻ ላይ ~~~~ ማስገባት አለበት። የመረጃ ሣጥንና መለጠፊያ (በብዙ ገጾች ላይ የሚገባ ዝግጁ ቅጽ) ዛሬ አይንኩ።

አማርኛ ለመተየብ የራሱ ኪቦርድ ካለው ያ ይበልጣል። በሰው ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ግን ውክፔዲያ ውስጥ ራሱ የአማርኛ መተየቢያ አለ፤ የጽሑፍ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ የቋንቋ ምርጫውን ማብራት ነው፣ ኮንትሮልና ኤም አንድ ላይ ሲጫኑም ይበራል ይጠፋል።

በስልክ ለሚጽፍ ለማጅ አንድ ምክር ከሁሉ ይቀድማል፦ ረዘም ያለ ነገር መጀመሪያ በስልኩ ማስታወሻ ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ ይገልብጥ። ኔትዎርክ ተቋርጦ ግማሽ ሰዓት የጻፈው የጠፋበት ሰው ሁለተኛ አይሞክርም። አንቀጽ በአንቀጽ ማስቀመጥም ጥሩ ልማድ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ሃያ ጥቃቅን እርማቶች

አዲስ መጣጥፍ አይጻፍ። ለማጁ ሃያ ትናንሽ እርማቶች ያድርግ፤ ከሃያው አሥራ አምስቱ ቀላል፣ አምስቱ ምንጭ የሚጨምሩ ይሁኑ። አማርኛው ውክፔዲያ ለዚህ የሚሆን ሥራ ሞልቶታል። በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ የተተየበበት (፡፡) ገጽ ብዙ ነው፤ ለዓይን ልዩነቱ አይታይም፣ ለማሽን ግን ሌላ ምልክት ነውና በ«።» ይተካ። የተለየ ገጽ ያላቸው የሰውና የቦታ ስሞች ሳይያያዙ ቀርተው ይገኛሉ። ምንጭ የሌለው የሕዝብ ቁጥርም እንዲሁ። ኢትዮጵያ እስካሁን ያደረገቻቸው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራዎች የ1976፣ የ1987 እና የ1999 ዓ.ም. ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለ የአንድ ከተማ ቁጥር ቆጠራ ሳይሆን ግምት ነው፣ ገጹም ይህንኑ መናገር አለበት።

ፊደል ማስተካከል ላይ ግን ለማጁን አጥብቀው ይያዙት። «ሠ»ን በ«ሰ»፣ «ኃ»ን በ«ሀ» እየቀየረ አምሳ ገጽ የሚያዳርስ ጀማሪ ጠቃሚ ሥራ የሠራ ይመስለዋል። ሌላው መጥቶ ይመልሰዋል፣ ጭቅጭቅ ይነሣል፣ አንባቢ የሚጠቀመው ነገር የለም። ሁለቱም አጻጻፍ በሥራ ላይ ካለ የቀደመው ጸሐፊ የመረጠው ይቆይ።

ርዕስ ላይ ሲሆን ግን ፊደል ትልቅ ነገር ነው። «ኃይለ ሥላሴ» እና «ሀይለ ስላሴ» ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ርዕሶች ናቸው። ስለዚህ ስለ አንድ ጉዳይ በሁለት ፊደል ሁለት መጣጥፍ መፍጠር ቀላል ነው። ማንኛውም አዲስ ገጽ ከመከፈቱ በፊት ለማጁ ርዕሱን በሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ በሰ፣ ሠ፤ በአ፣ ዐ፤ በጸ፣ ፀ እየለዋወጠ ይፈልግ። ከሌለ በአንዱ ይክፈት፣ ለሌሎቹ አጻጻፎች መምሪያ መንገድ ያበጅ፤ ማለትም ያ አጻጻፍ ሲፈለግ በራሱ ወደ ዋናው ገጽ የሚወስድ። ይህን አንድ ልማድ የያዘ ለማጅ ወደፊት ብዙ የማዋሐድ ሥራ ያስቀራል። የገጽ ርዕስ መቀየር ግን አካውንቱ ጥቂት ቀን እስኪሞላው ላይፈቀድለት ይችላል፤ ቁልፉን ካጣው ችግሩ እሱ አይደለም።

ዓመተ ምሕረት፦ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት

ለዚህ አንድ ሙሉ ቀጠሮ ቢያውሉ አይበዛም። «በ1935» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ምን ማለት ነው? በኛ ከሆነ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከሆነ ወረራው የተጀመረበት ዓመት ነው። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ለማጅ ቁጥሩን እንዳለ ያሻግረውና «ዓ.ም.» ይለጥፍበታል፤ ስህተቱ እንዲህ ነው የሚገባው።

ደንቡን ያስጨብጡት። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ጊዜ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው (ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል)። ከዚያ ያስሠሩት። ጣሊያን ወረራውን የጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፣ 7 ሲደመር 1935 እ.ኤ.አ.። የድል በዓሉ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፣ 8 ሲደመር 1941። ምንጩ ወሩን ካልነገረው ዓመቱን በእርግጠኝነት መቀየር አይቻልም፤ ያን ጊዜ «እ.ኤ.አ.» ብሎ እንዳለ መተው ከመገመት ይሻላል።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። የዐድዋ በዓል በየዓመቱ የካቲት 23 ሲከበር በፈረንጆቹ ማርች 2 ላይ ይውላል። ጦርነቱ የተደረገው ግን ማርች 1 ቀን 1896 ነው፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በግሪጎርዮስ አቆጣጠር 1900 ሠግር ዓመት (366 ቀን ያለው) ስላልሆነ ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ዘመን መቁጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ጨምሯል። ስለዚህ ከ1900 በፊት ያለን ቀን በዛሬው ልዩነት የሚያሰላ ሰው ቢያንስ አንድ ቀን ይስታል፤ ትክክለኛውንም «አርሜዋለሁ» ብሎ ያበላሸዋል።

ምንጭ

ለማጁ ምንጭ ሲያቀርብ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፦ «የትኛው ገጽ ላይ ነው?» መጽሐፉን በእጁ ይዞ ካነበበ ወዲያው ይመልሳል። ካልመለሰ ከሌላ ቦታ ገልብጦታል፣ ወይም ማሽን ፈጥሮለታል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጽፋቸው ማጣቀሻዎች ርዕሳቸውም ደራሲያቸውም እውነት ይመስላል፤ ሲፈለጉ የሉም። ለማጁን ሳይወቅሱ፣ አንዱን ማጣቀሻ አብረው ይፈልጉና ሲታጣ ራሱ ይየው።

ስለ ኢትዮጵያ ታሪክና ባህል በአምስት ጥራዝ ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ ጥሩ መነሻ ነው። ለሕግና ለሹመት ነጋሪት ጋዜጣ፣ ለ20ኛው ክፍለ ዘመን ዜና ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን አለ። የመንግሥት ጋዜጣ የዘመኑን መንግሥት ዓይን ይዞ ይጽፋል፤ ቀንና ሹመት ለማረጋገጥ እንጂ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ለመፍረድ አይሆንም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የቃል ታሪክ ጉዳይ ነው። ለማጁ ከአያቱ የሰማውን የመንደሩን ታሪክ ይዞ ይመጣል፤ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ቦታም ላይጻፍ ይችላል። ውክፔዲያ ግን ሌላ አንባቢ ሄዶ ሊያረጋግጠው የማይችለውን አይቀበልም። «አይሆንም» ብቻ ብለው አይተዉት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ ጥናቶች በኢንተርኔት ይገኛሉ፤ ከሽማግሌዎች በቃል የተሰበሰበ የወረዳ ታሪክ ያለባቸው ብዙ ናቸው። ከዚያ ያገኘውን በምንጭነት ይጠቀም።

የደራሲ ስም ሲገባ የማጣቀሻ ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል። የኢትዮጵያዊ ስም በዚያ አይከፈልም፤ የአባትን ስም አስቀድሞ የራስን ስም ማሳጠር ሰውየውን መለወጥ ነው። ሙሉ ስሙን በአንድ ሣጥን «ደራሲ» በሚለው ይጻፍ። በራስ ሰር ማጣቀሻ የሚሠራው ቁልፍ የአገር ውስጥ ድረ ገጾች ላይ ብዙ ጊዜ ደራሲና ቀን ይዘላል፤ በእጅ ይሞላ። ድረ ገጾቹም ቶሎ ስለሚጠፉ ገጹን ዌይባክ ማሽን (የድረ ገጾችን ቅጂ የሚያቆይ ማኅደር) ላይ አስቀምጦ ያንን አድራሻ አብሮ መጻፍ አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የመጀመሪያው መጣጥፍ

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይጀመር። መጠኑ ከ8 እስከ 12 ዓረፍተ ነገር፣ ከጉዳዩ ባለቤት ነፃ የሆኑ ቢያንስ ሦስት ምንጮች። ርዕሱ የማያከራክር ይሁን፦ ወንዝ፣ ተክል፣ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ያረፈ ደራሲ። የድንበር፣ የብሔርና የሃይማኖት ክርክር ያለበትን ጉዳይ በመጀመሪያው መጣጥፍ መንካት ዋና ሳይለምዱ ዓባይ ውስጥ መግባት ነው።

የትርጉም መሣሪያውን መጠቀም ይችላል፤ የማሽኑን አማርኛ ግን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ያንብበው። ምላስ ላይ የሚሰናከል ሁሉ እንደገና ይጻፍ። ትርጉም ከሆነ በእርማት ማጠቃለያው ላይ ከየትኛው ቋንቋ ገጽ እንደተወሰደ ይገለጽ፤ የፈቃድ ደንቡ ያዛል። ከጋዜጣ ወይም ከመጽሐፍ አንቀጽ መገልበጥ ግን ምንጩ ቢጠቀስም አይፈቀድም።

«ታዋቂው»፣ «አንጋፋው»፣ «ተወዳጁ» የሚሉት ይውጡ፤ በምትካቸው ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሠራ ይግባ። ፎቶ ሲሆን፣ «ፌስቡክ ላይ አለ» ማለት ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ መብቱ በመርሕ ያነሣው ሰው ነው እንጂ የተነሣው አይደለም። ለማጁ በስልኩ ያነሣው ካለ ዊኪሚዲያ ኮመንስ (የውክፔዲያ የነፃ ምስሎች ማከማቻ) ላይ ይጫን። ገጹ ሲወጣ ከዊኪዳታ (የየቋንቋውን ገጾች ከሚያገናኘው የመረጃ ቋት) ጋር ይያያዝ፤ አለዚያ ከሌሎች ቋንቋዎች ገጾች ጋር አይገናኝም።

ረቂቁን ሲያዩ አይረሙለት። ይህ ከባድ ነው፤ እጅ ይበላል። ሆኖም እርስዎ ካረሙት የሚማሩት እርስዎ ነዎት። በመሞከሪያ ገጹ ውይይት ላይ መጀመሪያ የተሳካውን ለይተው («ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቀኑን ከምንጩ ጋር ማያያዝዎ ግልጽ አድርጎታል»)፣ ቀጥሎ ቢበዛ ሦስት ነጥብ ይጻፉ። አሥር ስህተት ቢያዩም ሦስት። ቀሪው ለሚቀጥለው ዙር ይቆይ።

ሲሻር

ይህ እንደሚመጣ ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሮ ይንገሩት፤ የነባሮችም ጽሑፍ እንደሚሻር ከራስዎ የገጽ ታሪክ ያሳዩት። ሲሻርበት መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ወዲያው እንዳይመልሰው። ከዚያ አብረው ታሪኩን ከፍተው ሁለቱን ዕትሞች ያነጻጽሩ፣ የሻረው ሰው የጻፈውን ማጠቃለያ ያንብቡ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው፤ ምንጭ አልነበረም፣ የተገለበጠ ነበር፣ ቃናው ማስታወቂያ ይመስላል፣ ወይም የሻረው ሰው ተሳስቷል።

አራተኛው በአማርኛው ላይ ልዩ መልክ አለው። ማኅበረሰቡ ትንሽ ስለሆነ አማርኛ የማያነቡ ዓለም አቀፍ በጎ ፈቃደኞችም ገጾቹን ይጠብቃሉ። እነሱ የሚያዩት ቅርጹን ነው፤ ብዙ ጽሑፍ ጠፍቶ ማጠቃለያ ባዶ ከሆነ ጥፋት ይመስላቸዋል። ለማጁ የተበላሸ አንቀጽ አውጥቶ የተሻለ ለመጻፍ ቢያስብም አይታያቸውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የሚወጣውና የሚገባው በአንድ እርማት ይሁን፣ ማጠቃለያ ይኑረው፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲሽር ደግሞ በአጭር እንግሊዝኛ ማስረዳት ነው።

በሌላው ጊዜ ለማጁ ራሱ በመጣጥፉ ውይይት ገጽ ላይ ይጻፍ። ለምሳሌ፦

«ሰላም። ስለ ድልድዩ የጨመርኩት አንቀጽ ምንጭ ስለሌለው መነሣቱን አይቻለሁ፤ ትክክል ነው። አሁን ምንጭ አግኝቻለሁ፣ ገጽ ቁጥሩንም ጽፌያለሁ። በዚህ መልኩ ቢመለስ ተቃውሞ ይኖርዎታል?»

በዚህ ውስጥ ስድብ የለም፣ «ለምን» የለም፣ ያመነው ጥፋት አለ፣ ያቀረበው ነገር አለ። መልስ በሰባት ቀን ካልመጣ ከምንጩ ጋር ይመልሰው። ከተመለሰ በኋላ ዳግም ከተሻረ ወደ መጋቢ (ገጽ የመቆለፍና የማገድ ሥልጣን ወዳለው አባል) ይሂዱ እንጂ መጓተት ውስጥ አይግቡ።

እርስዎ ግን በምንም መንገድ የለማጁን ጽሑፍ በራስዎ አካውንት አይመልሱ። ሁለት ሰው በአንድ ወገን ተሰልፎ ሲታይ ክርክሩ ስለ ምንጭ መሆኑ ይቀርና ስለ ቡድን ይሆናል። ለማጁ ተሳስቶ ከሆነም በአደባባይ አይከላከሉለት፤ በግል ይንገሩት፣ እሱ በአደባባይ ያርመው። ጓደኞቹን ጠርቶ «ድጋፍ ስጡኝ» እንዳይልም ያስጠንቅቁት። ቴሌግራም ላይ የተሰበሰበ ድምፅ ውክፔዲያ ላይ ዋጋ የለውም፤ ይልቁንም ያስጠይቃል።

መልቀቅ

በአራተኛው ሳምንት ለማጁ አምስት ገጾች በክትትል ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባና የሚመጣባቸውን ለውጥ ራሱ ይመርምር። የሌላ ጀማሪ ጥያቄ ካለ መልሱን መጀመሪያ እሱ ይሞክር። የጀመረው መጣጥፍ ካላለቀ ጊዜውን አያራዝሙለት፤ ያለ እርስዎ ይጨርሰው።

ከተለያዩ ከሁለት ሳምንት በኋላ የአስተዋጽኦ ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ይክፈቱ። እየጻፈ ከሆነ አንዱን እርማት ጠቅሰው ያመስግኑት። ጸጥ ብሎ ከሆነ አንድ አጭር መልእክት ይተዉለት፤ ስለ ሥራ ሳይሆን ስለ ደኅንነቱ ይጠይቁ፣ ያቋረጠው ገጽ የት እንዳለ አድራሻውን ያስቀምጡለት። ሁለተኛ መልእክት አይላኩ።